የገበሬ ማኅበር አዳራሻችሁን ታሪክ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

የብዙ ገጠር ቀበሌ አዳራሽ መልኩ ተመሳሳይ ነው። ረዘም ያለ ቤት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቶቹ ትንንሽ። ስብሰባ ሲጠራ ይከፈታል፣ ማዳበሪያ ሲመጣ መጋዘን ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቆለፋል። ታሪክ አለው ብሎ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ገጠር ውስጥ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ቀጥሎ የሕዝቡን ኑሮ እንደዚህ ቤት ያየ ሌላ ቤት ያለ አይመስለኝም። መሬት ሲደለደል፣ ባልና ሚስት ሲካሰሱ፣ ትልልቅ ሰዎች ፊደል ሲቆጥሩ፣ ልጆች ለውትድርና ሲመለመሉ፣ ሁሉንም አይቷል።

ታሪኩን ለመጻፍ ያሰበ ካለ ዘንድሮውኑ ይጀምር። በ1967 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን ተሻግሯል። ድንጋዩን የተሸከሙት፣ ጭቃውን የረገጡት እያለቁብን ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን ያዙ። የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 31፣ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋም አዘዘ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፣ በፍርድ ሸንጎም ይዳኛል፣ ስለዚህ መሰብሰቢያ ያስፈልገዋል። ግን ሁሉም ወዲያው አዳራሽ አልሠራም። ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ቀድሞ በነበረ ቤት ለዓመታት የተሰበሰበ ማኅበር ሊኖር ይችላል። ማኅበሩ የተመሠረተበትንና አዳራሹ የቆመበትን ዓመት አንድ አድርጋችሁ እንዳትጽፉ። ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው የሚያምታታ ነገር "ዘማቾች" የሚለው ቃል ነው። ሽማግሌዎች "አዳራሹን ከዘማቾቹ ጋር ሠራነው" ካሏችሁ የትኞቹን ዘማቾች እንደሆነ ጠይቁ። በታኅሣሥ 1967 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወርደዋል። በሐምሌ 1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፣ ለእሱም የወጡ ዘማቾች ነበሩ። በሁለቱ መሃል አራት ዓመት ከመንፈቅ አለ። የመጀመሪያዎቹ ስለ መሬት ነው የሚያወሩት፣ ሁለተኛዎቹ ጠመኔ ይዘው ነው የመጡት። እዚህ ላይ ከለያችሁ ግማሹ ዘመን ተስተካከለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ቤቱ ሂዱ። ሰው ሳትጠይቁ፣ ብቻችሁን፣ ግማሽ ቀን ስጡት። በጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ፀሐይ በጎን ስትመታ ግድግዳው ላይ ያለ ጠባሳ ሁሉ ይወጣል። ልስኑ የተላጠበትን ቦታ ቀርባችሁ እዩ፣ ከሥሩ የድሮው ቀለም አለ። የቆርቆሮው ዝገት እኩል ካልሆነ ክዳኑ በየጊዜው ተጠግኗል ማለት ነው። ምሰሶውን ንኩት። ጽድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ጽድ ከሆነ ከየት እንደተቆረጠ በኋላ ጠይቁ፣ ዛሬ የሌለ ደን ታሪክ ሊወጣችሁ ይችላል።

እኔ በገባሁበት አንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰፊ አራት ማዕዘን ነበር። ኖራ ተቀብቶበታል፣ ግን ከሥሩ ያለው ጥቁር ያሳብቃል። ጠጋ ብዬ ጣቴን ሳሳልፍበት ከታች በጭቃ የተሠራች ቀጭን መደብ ነገር አገኘሁ፣ ውስጧ ነጭ ዱቄት። የጠመኔ ማስቀመጫ ነበረች። ያ ግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በዜና የምንሰማው ትልቁ ነገር፣ እዚህ ቀበሌ ሲደርስ ይህችን መደብ አህሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ፎቶ አንሱ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ።

ከዚያ ቃለ ጉባኤ መዝገቡን ፈልጉ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ እሰየው። ከሌለ ተስፋ አትቁረጡ። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የማኅበራት ቢሮና መጋዘን ተዘርፏል፣ አንዳንዱን መዝገብ ያተረፉት ቤታቸው ወስደው ያስቀመጡት የቀድሞ ጸሐፊዎች ናቸው። እነሱ ጋ ስትሄዱ "መዝገቡን ያስረክቡን" እንዳትሉ። ሰውየው ያን ወረቀት ሠላሳ ምናምን ዓመት ከምስጥና ከአይጥ ጠብቆታል። እዚያው ቤቱ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቁ፣ መዝገቡንም እዚያው ትታችሁት ውጡ። ደጃፍ ላይ፣ በጥላ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ከሽፋኑ ጀምሮ ሁሉንም ገጽ አንሱ። ባዶውንም ጭምር።

የፊርማውን ገጽ አትዝለሉት። መጀመሪያ አካባቢ የጣት አሻራ ብቻ የሞላበት ገጽ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ሰማያዊ ቀለም ፈስሶ የተጨማለቀ። ዓመታቱን ስታገላብጡ ከአሻራዎቹ መሃል አንድ የተንቀጠቀጠ ስም ብቅ ይላል። ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ስድስት። ያ አዳራሽ ምን እንደሠራ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ወረቀት እኔ አላውቅም። የመዋጮ ዝርዝር ካገኛችሁም ማን ስንት ምስማር፣ ማን ስንት ሸክም ጭድ እንዳመጣ ይነግራችኋል።

አሁን ሰው ጠይቁ። "አዳራሹ መቼ ተሠራ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "እንጃ፣ ደርግ ጊዜ ነው" ይሏችኋል፣ ጨዋታውም እዚያው ይቆማል። ይልቅ "አባባ፣ ቆርቆሮው ሲመጣ ከመኪና ማን አወረደው?" በሉ። "የመጀመሪያ ልጅዎ ያኔ ተወልዶ ነበር?" "ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?" "የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ቆሞ ነበር?" ሰው ዓመት ይረሳል እንጂ ከልጁ መወለድ ፊት ይሁን ኋላ አይረሳም። አንድ ሰው ብቻ ያለውን ዓመት ለጊዜው በእርሳስ ጻፉት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ሲደግመው በእስክሪብቶ።

እናቶችን ጠይቁ፣ ይህን አጥብቄ ነው የምላችሁ። መዝገቡ ላይ ያሉት ስሞች ባብዛኛው የወንዶች ናቸው። ለጭቃው ውኃ የቀዳው፣ ለሠራተኛው እንጀራ ያቀረበው፣ ወለሉን የለቀለቀው ግን ማን ነው? እማማን ለብቻቸው፣ ቡናቸውን እያፈሉ ጠይቋቸው። ባላቸው አጠገብ ሆነው "እሱ ያውቃል" ብለው ዝም ያሉ እናት ብቻቸውን ሲሆኑ ሁለት ሰዓት ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

የስልክ ነገር፦ ከመቅዳታችሁ በፊት የአውሮፕላን ምልክቱን ንኩ፣ አለዚያ መሃል ላይ ሰው ይደውልና ቅጂው ይቋረጣል። ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ።

የሚከብድ ወሬም ይመጣል። በ1977 እና በ1978 ሰው ከየጎጡ ተነሥቶ መንደር እንዲመሠርት ሲደረግ የተነገረው እንዲህ ባሉ አዳራሾች ነው። ብሔራዊ ውትድርናም እንደዚሁ። ልጃቸው ከዚያ በር ወጥቶ ያልተመለሰ እናት አሉ። "ይህን አትቅዳ" ከተባላችሁ ዝጉት፣ ዝግም ይሁን። ሰው የተከሰሰበትን ነገር ስትጽፉ እውነተኛ ስሙን አትጻፉ፣ ልጆቹ እዚያው ቀበሌ ይኖራሉ።

ወረዳ ወይም አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ ሰነድ የምትፈልጉ ከሆነ በዛሬው ስም ብቻ አትጠይቁ። ያኔ ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ ነበር። የክልል አደረጃጀት በሕግ የመጣው በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ነው። በየቦታው ማኅበራት ተዋሕደው አንድ ቀበሌ ሆነዋል፣ ስማቸውም ጠፍቷል። የድሮውን የአውራጃና የማኅበር ስም ከሽማግሌዎች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ብዙ ድካም ትቆጥባላችሁ።

የሰበሰባችሁትን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ስልክ፣ ፍላሽ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ። በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ "ፋይል" በሚለው ላኩት፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። የተቀደደ ወረቀት ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፣ ሁለቱም ኋላ ወረቀቱን ያበላሹታል።

ቤቱ ራሱ ይታደስ የሚል ሐሳብ ከመጣ አንድ ነገር ለመንኳችሁ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ። ያምራል፣ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ጭቃውና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጭቃ በጭቃ ነው የሚመረገው። ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ ከፈለጋችሁ ደግሞ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ለቅርስ የሰጠው ትርጉም ታሪካዊ ዋጋን ይጨምራል፣ ጻፉት። ከተመዘገበ በኋላ ያለ ፈቃድ እንደማይጠገን ግን ቀበሌው ቀድሞ ይወቅ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ወደ ማተሚያ ቤት አትሩጡ። ስብሰባ ባለበት ቀን እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንዱ ከኋላ "የለም፣ ያ ቆርቆሮ በመኪና አልመጣም፣ በአህያ ነው!" ብሎ ይነሣል፣ ሌላው ይመልስለታል። ያኔ ንባቡን አቁሙና ስልኩን ክፈቱ፣ ቅዱ።