ለደም ባንክ ደኅንነት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደም መድኃኒት ነው፤ ግን ከፋብሪካ አይወጣም። ከአንድ ሰው ክንድ ተቀድቶ፣ ተመርምሮና ቀዝቅዞ ወደ ሌላ ሰው ደም ሥር ይገባል። እያንዳንዱ ከረጢት የተለየ ሰው ደም ስለሆነ፣ ትናንት የተቀዳው ጥሩ መሆኑ ስለ ዛሬው ምንም አይመሰክርም። ስለዚህ የአንድን ደም ባንክ ደኅንነት ማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መሣሪያዎቹ አይደለም። «ይህ ደም አያልፍም» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሲልስ ይሰማል? ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ይህ ሰው ሲጠፋ፣ ወይም ኖሮ ዝም እንዲል ሲደረግ ነው።

ምርመራው ሁሉን ይይዛል ብሎ መተማመን

የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም የተለገሰ ደም ቢያንስ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ እንዲመረመር ይመክራል። ይህ ዝቅተኛው መስፈርት ነው፤ ብዙ ሰው ግን የመጨረሻው ዋስትና አድርጎ ያየዋል።

ማንኛውም ምርመራ የማያይበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው በኤች አይ ቪ ከተያዘ በኋላ ሰውነቱ ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል በምርመራ እስኪታይ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልገው የተሻለ ምርመራ ይህን ጊዜ ለኤች አይ ቪ ወደ አሥር ቀን ገደማ፣ ለሄፓታይተስ ሲ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ያሳጥረዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። በዚያ መሐል የለገሰ ሰው ውጤቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ደሙ ግን ቫይረሱን ይዟል። ያ ደም ወደ ቀይ የደም ሴል፣ ወደ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) እና ወደ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል) ሲከፈል አደጋው ሦስት በሽተኞች ጋ ይደርሳል።

ከዚህ የባሰው ስህተት «ቸኩለናልና ምርመራው በኋላ ይደርሳል» ብሎ ያልተመረመረ ደም ለሕመምተኛ መስጠት ነው። የምርመራ ኪት ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የሚደማ ሰው ሲመጣ ይህ ፈተና ይመጣል። መፍትሔው በዚያች ሰዓት አይገኝም፤ አስቀድሞ የተመረመረ መጠባበቂያ ደም በመያዝና ኪት ሳያልቅ በማዘዝ ነው የሚገኘው። ውጤቱ ያልታወቀ ደም ከተመረመረው ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በፕላስተር መስመር ብቻ ተለይቶ ሲቀመጥ ሌሊት የገባ ተረኛ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። የተለየ ማቀዝቀዣ፣ የተለየ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ላቦራቶሪው ራሱም መፈተን አለበት። ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎች ከውጭ እየተላኩለት ትክክለኛውን መልስ መስጠቱ በየጊዜው ካልታየ፣ «ነጻ» የሚለው ቃሉ ክብደት አይኖረውም።

የለጋሹን ቃለ መጠይቅ እንደ ቅጽ መሙላት

ምርመራ የማያይበትን ጊዜ የሚሸፍነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የለጋሹ እውነተኛ መልስ። ይህን መልስ የምናበላሸው ደግሞ እኛው ነን። አንድ ጠባብ ክፍል ያስቡ፤ ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ተዘርግቷል፣ ከለጋሹ ጀርባ የሥራ ባልደረቦቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ጠያቂዋ ደግሞ ቀና ሳትል በተሰላቸ ድምፅ «ባለፉት ወራት አዲስ የፍቅር ጓደኛ ነበረዎት? የለም አይደል?» ትላለች። ይህ ሰው ምን ብሎ ይመልስ?

ጥያቄው በር ተዘግቶ፣ በሌላ ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ መቅረብ አለበት። «የለም አይደል?» የሚለው ጅራት መቆረጥ አለበት። ለጋሹ አፍሮ ሳይናገር የወጣ እንደሆነም ቤቱ ገብቶ «ደሜን አትጠቀሙበት» ብሎ የሚደውልበት፣ ምክንያቱን የማይጠየቅበት ስልክ ሊሰጠው ይገባል። ደውሎ የሚናገር ሰው አንድ ሕይወት አድኗል፤ ሊመሰገን እንጂ ሊመረመር አይገባም።

ቃለ መጠይቁ ለጋሹንም ይጠብቃል። የሂሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) መጠኑ ያነሰን፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ ግራም የማይሞላን ወይም በቅርቡ የለገሰን ሰው ለዕለቱ ዘመቻ ቁጥር ሲባል ማስተኛት በደል ነው። የሙሉ ደም ልገሳ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል፤ በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነት ለመተካት ወራት ያስፈልጉታል።

ደምን መሸጥና መግዛት፣ ወይም ቤተሰብን ማስገደድ

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሮች የደም አገልግሎታቸውን ያለ ክፍያ በሚደረግ የበጎ ፈቃድ ልገሳ ላይ እንዲመሠርቱ ጠይቋል። ምክንያቱ ከሥነ ምግባር ይሻገራል። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን የሚያሳጣውን መልስ አይሰጥም። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድሃ ገበሬዎች ፕላዝማ እየሸጡ፣ የብዙ ሰዎች ደም በአንድ ላይ ተቀላቅሎ ፕላዝማው ከወጣለት በኋላ ቀይ ሴሉ ተመልሶ ለሻጮቹ ይሰጥ ነበር። ኤች አይ ቪ በየመንደሩ የተዛመተው በዚህ መንገድ ነው። ሻጮቹ ራሳቸው ተጠቂ ሆኑ።

«ምትክ ደም ካላመጣችሁ ቀዶ ሕክምናው አይደረግም» ማለትም ከዚህ ብዙም አይርቅም። እናቱ አልጋ ላይ የተኛችበት ልጅ «እኔ መለገስ አልችልም» ካለ ዘመድ ሁሉ ለምን ብሎ ይጠይቀዋል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ለመለገስ ይተኛል። ለጋሽ ያጣ ቤተሰብ ደግሞ ደም ሻጭ ተከራይቶ «ወንድማችን ነው» ብሎ ያቀርባል።

የቅርብ ዘመድ ደም የተሻለ ነው የሚለው እምነትም መታረም አለበት። የልጅ፣ የእህት ወይም የወላጅ ደም ከተቀባዩ ጋር በመመሳሰሉ የተነሳ፣ በውስጡ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች በተቀባዩ ሰውነት ሳይታወቁ ተራብተው መልሰው ሊያጠቁት ይችላሉ። ይህ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው፤ ሲያጋጥም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ የዘመድ ደም መሰጠት ካለበት አስቀድሞ በጨረር መታከም ይኖርበታል።

ክንዱን በጥድፊያ መጥረግ

አጭር ነገር ነው፤ ግን ሰው ይሞትበታል። ቆዳ ላይ ያለ ባክቴሪያ በመርፌው ገብቶ ከረጢቱ ውስጥ ይራባል። ፕላትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀመጥ ለባክቴሪያ ምቹ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ቀን በላይ የማይቆየውም በዋናነት በዚህ የተነሳ ነው። ማጽጃው ተቀብቶ በራሱ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከጸዳ በኋላ ደም ሥሩን በጣት ደግሞ አለመንካት፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ደም ወደ ትንሿ የናሙና ከረጢት ማስገባት ያስፈልጋል። ያቺ የመጀመሪያ ደም ከቆዳው የተቆረሰውን ቁራጭ ይዛ የምትወጣ ናት።

ማቀዝቀዣውን ማመን፣ መዝገቡን መሙላት

ቀይ የደም ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ እንደ ማቆያ ፈሳሹ ዓይነት ለ35 ወይም ለ42 ቀን ይቆያል። የቤት ማቀዝቀዣ ለዚህ አልተሠራም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፣ በጀርባው በኩል ደግሞ ያቀዘቅዛል፤ ከጀርባው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከረጢት በረዶ ከሠራ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ከፈነዱት ሴሎች የሚወጣው ሂሞግሎቢንና ፖታሲየም የተቀባዩን ኩላሊትና ልብ ይጎዳል። ሲሞቅ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። የርሲኒያ የሚባለው ባክቴሪያማ በቅዝቃዜም ይራባል፤ ስለዚህ ደም ከመውጣቱ በፊት ከረጢቱን በብርሃን ማየት፣ የጠቆረ ወይም የረጋ ነገር ካለበት መመለስ ግድ ነው።

ለፍተሻ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ነው። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ወረቀት ይወጣል፤ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ጠዋትና ማታ፣ በአንድ ብዕር፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ «4፣ 4፣ 4፣ 4» ተብሎ የተሞላ። እሑድ ማን ገብቶ ነበር? እንደዚህ ያለ ወረቀት ባዶ ከሆነ ወረቀት የከፋ ነው፤ ባዶው ቢያንስ ማንም እንዳላየው ይናገራል። የሚሻለው ሙቀቱን ራሱ ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚጮህ ማንቂያ፣ ማንቂያው ሲጮህ ሌሊት የሚነሳ ስሙ የተጻፈ ሰው ነው። ማንቂያው በየጊዜው እንዲጮህ ተደርጎ ካልተሞከረ መኖሩ ብቻ አይጠቅምም።

ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከ30 ደቂቃ በላይ በክፍል ሙቀት የቆየ ደም ወደ ክምችት አይመለስም የሚለው የቆየ ደንብም የሚጣሰው በቸልተኝነት ሳይሆን በእንጉርጉሮ ነው። «ይህን ሁሉ ደም እንጣል?» ይባላል። አዎን፣ ይጣላል። ደም የጣለን ባለሙያ የሚገስጽ ኃላፊ በሚቀጥለው ጊዜ የተበላሸ ደም እንዲደበቅለት እያስተማረ ነው።

ስምን ከደም ዓይነት ይልቅ ቀላል ነገር አድርጎ ማየት

ካርል ላንድሽታይነር የደም ዓይነቶችን ካስታወቀ እ.ኤ.አ. ከ1901 ወዲህ የማይስማማ ደም እንደሚገድል የታወቀ ነው። ዛሬም ግን ሰው ይሞትበታል፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪ ስህተት አይደለም። ደሙ በትክክል ተመርምሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስህተቱ የሚጀምረው አልጋው አጠገብ ነው። ነርሷ ከሁለት ሕሙማን ደም ቀድታ፣ ብልቃጦቹን በኪሷ ይዛ፣ ጠረጴዛዋ ጋ ደርሳ ስም ትጽፋለች። በዚያች የጥቂት እርምጃ ርቀት ሁለቱ ሰዎች ይለዋወጣሉ። ስም የሚጻፈው አልጋው አጠገብ፣ የሕመምተኛው የእጅ መለያ እየታየ ብቻ ነው። ደሙ ሲሰጥም እንዲሁ። «እርስዎ አቶ እገሌ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄ አይባልም፤ የደከመ ሰው ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ የተወለዱትስ መቼ ነው?» ተብሎ መልሱ ከእጅ መለያው፣ ከከረጢቱና ከትእዛዙ ጋር ይመሳከራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ለሚሰጠው ሰው በተለያየ ሰዓት የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና መጠየቅም ብዙ ስህተት ይይዛል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከሕመምተኛው አለመለየት ነው፤ ከባዱ አደጋ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ያኔ ነው። ከረጢቱም በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት።

አንዱን መሥሪያ ቤት ሠሪም ተቆጣጣሪም ማድረግ

ደም የሚሰበስበውና የሚያከፋፍለው አካል ራሱን ከፈተሸ፣ የእጥረት ቀን ሲመጣ መስፈርቱ ይላላል። ይህ የክፉ ሰዎች ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ቢሆን ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የኤች አይ ቪ ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ በፈረንሳይ የአሜሪካው ኩባንያ ያቀረበው ምርመራ ፈቃድ የአገር ውስጡ ተፎካካሪ እስኪደርስ ዘገየ። ቫይረሱ እንዲሞት በሙቀት ያልታከመ የደም መድኃኒትም ለሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ) ሕሙማን መከፋፈሉ ለወራት ቀጠለ። በካናዳ ተመሳሳይ ጥፋት በዳኛ ክሬቨር የሚመራ ኮሚሽን አስቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሪፖርት ተቆጣጣሪ አካል አደጋን ለመቀነስ ሙሉ ሳይንሳዊ ማረጋገጫ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማይገባው አስቀመጠ። በብሪታንያ ከ30,000 በላይ ሰዎች በተበከለ ደምና የደም ውጤት ተይዘዋል፤ 3,000 ያህሉ ሞተዋል። የምርመራ ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2024 ነው። ተጠቂዎቹ እውነቱን በይፋ ለመስማት አሥርት ዓመታት ጠበቁ።

ከእነዚህ ሦስት አገሮች አንዱም ሐኪምም ሕግም አጥቶ አልነበረም። የጎደለው ከአከፋፋዩ የተለየ፣ ሳይነግር የሚመጣ፣ ፈቃድ የማገድ ሥልጣን ያለው፣ ሪፖርቱንም ለሕዝብ የሚያወጣ ተቆጣጣሪ ነበር። በወረቀት ላይ ብቻ የተቋቋመ ተቆጣጣሪ፣ ለፍተሻ የሚሄድበት መኪናና ደም ባንክን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለው፣ ለጥፋት ሽፋን ይሆናል።

ስህተት የነገረን ሰው መቅጣት

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከደም መስጠት ጋር የተያያዙ ጥፋቶችንና ለጥቂት የተረፉ አጋጣሚዎችን በአንድ ላይ ትመዘግባለች። ስም ከመለየት ጋር የተያያዘው ስህተት ምን ያህል እንደሚደጋገም የታየው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚሠራው ግን ሪፖርት ያደረገችው ነርስ ደመወዟ እንደማይቆረጥ ስታውቅ ነው። አንድም ስህተት አላሳወቀም ተብሎ የሚመሰገን ሆስፒታል ካለ፣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት እሱ ነው።

አብሮ የሚሄደው ደግሞ ወደ ኋላ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለዓመታት የለገሰ ሰው ዛሬ በምርመራ ቫይረስ ቢገኝበት፣ ከዚህ በፊት የሰጠው ደም የት ደረሰ? ማን ወሰደው? የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለመመለስ የሚያስችለው መረጃ ለ30 ዓመት እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ደም የወሰደው ሰው መረጃውን ከሐሜት ሳይሆን ከደም ባንኩ ማግኘት፣ ምርመራና ሕክምናም ያለ ክፍያ ማግኘት አለበት።

ይህ መቻሉን ለማወቅ ረጅም ጥናት አያስፈልግም። ተቆጣጣሪው ከባለፈው ዓመት መዝገብ አንድ የከረጢት ቁጥር በዘፈቀደ ይምረጥና ለጋሹን፣ የምርመራ ውጤቱን፣ የተከፈለባቸውን ክፍሎችና እያንዳንዱን የወሰደ ሕመምተኛ በዚያው ቀን እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ከዚያም በተቃራኒው ከአንድ ሕመምተኛ ተነስቶ ለጋሹ ድረስ ይሂድ። መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ከተቋረጠ፣ የሚስተካከልበት ቀን በጽሑፍ ተቆርጦ፣ በዚያ ቀን ተመልሶ መምጣት የተቆጣጣሪው ሥራ ነው።