የዶርዜን ቤት አይታችሁ በቀርከሃ ለመሥራት ለምትነሱ

ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ሲወጣ፣ ከቀርከሃ ተሸምኖ በሚሠራው ረጅም ቤቱ የሚታወቀው ዶርዜ አለ። እዚያ ደርሶ የመጣ ሁሉ ስልኩን ያወጣና የቤቱን ፎቶ እያሳየ «ልክ እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ይለኛል። ደስ ይለኛል። ያው ስህተት ሲደጋገም ግን አንጀቴ ያርራል።

ለጋ ቀርከሃ አትቁረጡ! ስንት ጊዜ ልናገር? ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም። ቡቃያው በክረምት ሲወጣ በያዘው ውፍረት፣ በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል። ስለዚህ የዘንድሮውና የአራት ዓመቱ ጎን ለጎን ቆመው እኩያ ይመስላሉ። ጀማሪ ደግሞ ሁልጊዜ አረንጓዴውን፣ የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል። እሱ ገና ውኃ ነው። ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለውን ስኳርና ስታርች ፍለጋ ነቀዝ ይገባበታል። ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሙላው። የደረሰው ገላው ይደበዝዛል፣ ሽበት ጣል ጣል ያደርግበታል፤ በቢላ ጀርባ ሲመታም ድምፁ ጠንካራ ነው።

እኔም አላመለጥኩም። መጀመሪያ ዶርዜ የሄድኩ ጊዜ አንድ ሸክም ቆርጬ በኩራት አመጣሁ። አንድ ሽማግሌ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ለቤት ነው ለከብት?» አሉኝ። ቅጠሉ መኖ ነዋ። አልሰማኋቸውም። የሠራሁት ጎጆ ዓመት ሳይሞላው ዱቄት ያራግፍ ጀመር።

በክረምት አትቁረጡ።

ቁጥቋጦውንም ሙልጭ አታድርጉት፤ አዲሱን ቡቃያ የሚመግበው ቆሞ የቀረው ነው። ሸምበቆና ቀርከሃ አንድ አይደሉም። የቆላው ሽመልም ሌላ ነው፣ ውስጡ ድፍን ነው። ዶርዜዎች የሚሠሩት በደጋው፣ ውስጡ ክፍት በሆነው ነው። ምስማር ይዛችሁም አትምጡ፣ ይሰነጥቀዋል። እነሱ ቀርከሃውን በስሱ ሰንጥቀው እንደ ቅርጫት ይሸምኑታል፤ ቤቱ መሃል ላይ ምሰሶ እንኳ የለውም።

«ጭስ ጭስ እንዳይለኝ» የሚል ደንበኛም አለ። ዶርዜ ቤት ውስጥ እሳት ይነዳል። ቀርከሃውንና የእንሰት ክዳኑን ከነቀዝ የሚጠብቀው ያ ጭስ ነው። እሳት የማታነዱበት ከሆነ ቀርከሃውን አስቀድማችሁ ነቀዝ በሚከላከሉት ኬሚካሎች፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ንከሩት።

ሲሚንቶው ግን ያሳብደኛል። የዶርዜ ቤት አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥና እርጥበት ሥሩን ሲበሉት የተበላውን ቆርጠው ይጥሉታል። ቤቱ እያጠረ ይኖራል። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ይሸከመውና ሌላ ቦታ ያቆመዋል። አንድ የሎጅ ባለቤት «እንዲጠነክር» ብሎ ሥሩን ዙሪያውን በሲሚንቶ አስሞላ። ውኃው እዚያው ታቆረ። በሦስተኛው ክረምት ደወለልኝ። ቤቱን ማንሳት አልተቻለም፤ መዶሻ ይዘን ሲሚንቶ ስንሰብር ሦስት ቀን ዋልን።