የትንኝ እጭ የበላውን በዲኤንኤ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውሃ ውስጥ ትራባለች። ቢቲአይ የተባለው እጭ ገዳይ ባክቴሪያ የሚሠራው እጩ ሲውጠው ብቻ ስለሆነ፣ እጩ በዚያ ንጹሕ በሚመስል ውሃ ውስጥ ሌላ ምን እንደሚበላ ማወቅ ይጠቅማል። የሚበላቸው ባክቴሪያዎች፣ አልጌዎችና ባለ አንድ ሴል ነፍሳት በአንጀቱ ፈጥነው ስለሚፈጩ ማይክሮስኮፕ ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ የቤቱን ባለቤት ያስፈቅዱና ከእያንዳንዱ በርሜል እጮቹንም ውሃውንም ይውሰዱ፤ ውሃው ካልተወሰደ እጩ መርጦ መብላቱን ወይም ያገኘውን ብቻ መዋጡን መለየት አይቻልም። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል፤ ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ኤደስ ወይም ኩሌክስ የተባሉት ሌሎች የትንኝ ወገኖች እጭ ነው። መፈጨቱ እንዳይቀጥል እጮቹን ወዲያውኑ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይክተቱ፤ ውሃውን ደግሞ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያጥልሉና ማጣሪያውን በበረዶ ያቆዩ።

በላቦራቶሪ አራተኛው የእድገት ደረጃ ላይ የደረሱትን እጮች ይምረጡ፤ ትልልቅ ስለሆኑ አንጀታቸውን ማውጣት ይቀላል። በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ካጠቧቸው በኋላ አንጀቱን በወረንጦ ያውጡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ ወረንጦውን በበረኪና ነክረው ያለቅልቁ። የቀረው ገላ አይጣል፣ ዝርያው በዲኤንኤ የሚረጋገጠው በእርሱ ነውና። ከአንጀቱና ከማጣሪያው ዲኤንኤ ሲያወጡ ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦም አብሮ ይለፍ፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ብክለት ነው።

ፒሲአር በተባለው ዲኤንኤን በሚያባዛ ዘዴ ለባክቴሪያ 16ኤስ፣ ለአልጌና ለሌሎች ባለ ኒውክለስ ሕዋሳት 18ኤስ የተባለው የዘረመል ክፍል ይባዛል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ የእጩ የራሱ ዲኤንኤ በ18ኤስ አብሮ ስለሚባዛ የምግቡን ዲኤንኤ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ የትንኝዋ ዲኤንኤ እንዳይባዛ የሚያግድ ፕራይመር (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ይጨመራል። 16ኤስ የአልጌ ክሎሮፕላስትንም (አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን የሴል ክፍል) ይይዛል። የባክቴሪያ ተመራማሪዎች ይህን እንደ ቆሻሻ ይጥሉታል፤ ለእኛ ግን ምግብ ነው።

የተባዙት የዲኤንኤ ክፍሎች ቅደም ተከተል ከተነበበ በኋላ የአንጀቱ ዝርዝር ከውሃው ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል። የተነበቡት ቅጂዎች ብዛት የተበላውን መጠን በቀጥታ አይናገርም፤ አንዳንዱ ፍጥረት በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ የ18ኤስ ቅጂ አለውና። በአንጀት የተገኘ ባክቴሪያ ሁሉም ምግብ አይደለም፤ ነዋሪም ሊሆን ይችላል። ለዚህም ጥቂት እጮችን ምግብ በሌለው ንጹሕ ውሃ ካቆዩ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ይመርምሩ፤ አንጀታቸው ባዶ ሆኖ ሳለ የሚቀረው ባክቴሪያ ነዋሪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።