ድሬ ላይ ኮሚክ እየሳሉ ለመኖር

ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሲሯሯጥ የምታየው ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዕዳ አለበት። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል፣ ከተማው እስከ 9 እና 10 ሰዓት ጭር ይላል። ኮሚክ፣ ማለት በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ እየሳልክ ለመኖር ካሰብክ ቀንህን በዚሁ ልክ ቁረጥ። (አንተ እያልኩ ነው የምቀጥለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሄድም። እህቶቼ አንቺ ብላችሁ አንብቡት።)

የኔ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። እስከ 5 ሰዓት የራሴን ኮሚክ ብቻ ነው የምሠራው። ስልክ አላነሳም፣ የደንበኛ ሥራ አልነካም። የደንበኛ ሥራ ቀጠሮ አለው፣ የሚጨቀጭቅህ ባለቤት አለው። ያንተን ታሪክ ግን "የት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ጥሩውን ሰዓት ለደንበኛ ሰጥተህ ማታ ለራስህ ስትቀመጥ እጅህም ጭንቅላትህም ዝሏል። ደግሞ አቦ፣ በምርቃና የሳልከውን ገጽ እዚያው ማታውን አትልቀቀው። ማታ ጉድ የተባለለት ገጽ ጠዋት ሲታይ ጀግናው ስድስት ጣት ሊኖረው ይችላል።

ሙቀቱን ማወቅ አለብህ። ግንቦትና ሰኔ ላይ የእጅህ ላብ ቀለም ያጥባል። ከመዳፍህ ሥር ሁልጊዜ አንድ ንጹሕ ወረቀት ይኑር፣ እጅህ በሄደበት አብሮ ይሂድ። ማራገቢያውን ወደ እግርህ አዙረው፤ ወደ ጠረጴዛው ከሆነ ወረቀቱን ይገለብጣል፣ የብዕሩንም ጫፍ ያደርቃል። መብራት ይሄዳል፣ ስለዚህ እርሳሱንና ቀለሙን ወረቀት ላይ በቀን ብርሃን ጨርስ። ለኮምፒውተር ስካኑና ጽዳቱ ይበቃዋል። ክሪታ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃሃልም። በስልክ ለሚሠራ አይቢስ ፔይንት አለ። ስለ ፕሮግራም ከዚህ በላይ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየሳለ አይደለም።

አሁን ወደ ገጹ እንግባ። መጀመሪያ አጭር ታሪክ ምረጥ፣ ስምንት ገጽ ይበቃል። አሥር ቅጽ ያለው የጀግና ታሪክ ያሰበ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያውን ቅጽ ሽፋን ስሎ ነው የሚቀረው።

ከሥዕሉ በፊት ንግግሩን ጻፍ። አማርኛ ላይ ይህ የግድ ነው። የኛ ግሥ ረጅም ነው፤ "አላስቀመጥኩልህም" ብሎ አንድ ሰው ሲናገር አንድ ቃል ብቻ ፊኛውን (ንግግሩ የሚጻፍበትን ክብ) ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። የውጭ ኮሚክ አይተህ ጠበብ ያለ ረጅም ፊኛ ብትስል ቃሉ አይገባም። ለሁለት ብትቆርጠው ደግሞ አንባቢው ይደናቀፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ፍሬሙን (የእያንዳንዱን ሥዕል ሳጥን) አስምር፣ ንግግሩን በእርሳስ ጻፍ፣ ፊኛውን በጽሑፉ ዙሪያ ክበብ፣ ሰውየውን በተረፈው ቦታ ሳል። ፊኛው ወደ ጎን ሰፋ ይበል። በአንድ ፍሬም ውስጥ ሁለት ሰው ከተናገረ ቀድሞ የሚናገረውን በግራና ከፍ አድርገህ አስቀምጠው።

ፊደሉን እስቲ ጠጋ ብለህ እየው። በ፣ ቡ፣ ቢ። ቡ ወገቡ ላይ አንዲት ጭረት አለችው፣ ቢ ደግሞ እግሩ ላይ። ጽሑፉ ሲያንስ ወይ ፎቶ ኮፒው ሲደበዝዝ የምትጠፋው ይህቺው ጭረት ናት፣ ያኔ "ቡና" ያልከው "በና" ይሆናል። እኔ ለታተመ ገጽ ከ9 ነጥብ የፊደል መጠን በታች አልወርድም። በስክሪን አስፍተህ አይተህ አትመን። በትክክለኛው መጠን አንድ ገጽ አትመህ፣ ክንድህን ዘርግተህ ያዘውና አንብብ።

እንግሊዝኛው ሲጮህ በትልልቁ ፊደል ይጮሃል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ስለዚህ ጩኸቱን በውፍረት አሳይ፣ ወይም የመጨረሻዋን ፊደል ጎትታት፦ "ጉድድድ!"፣ "ኧረረረ!"። ለድምፅ ደግሞ "ቡም" እና "ባንግ" ከመዋስ በፊት ያለንን ተጠቀም። በር ዷ ይላል፣ ጥፊ ጧ ይላል፣ እንጨት ቀጭ ይላል፣ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ባጃጅ ሽቅብ ስትወጣ ጥርርርር ትላለች። አንባቢው እነዚህን ሲያይ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም ይሠራል።

ገጸ ባሕሪዎችህ ደግሞ እንደ ድሬ ሰው ይናገሩ። እዚህ አንድ ወሬ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና በሶማሊኛ ይሳቅበታል። የግርጌ ማስታወሻ አትደርድር፤ የፊቱ ሁኔታ ትርጉሙን ይናገራል።

ኮሚክ አንብቦ የማያውቅ ሰው ፍሬሞቹ ሊምታቱበት ይችላሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሥዕል የሚያሳየውን የድሮ ሥዕል አይተሃል? ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ ይወርዳል፣ ከሥሩም ጽሑፍ አለው። እናቶቻችን ያነበቡት ኮሚክ እሱ ነው። አንተም ለመጀመሪያው ሥራህ ሦስት ረድፍ፣ በረድፍ ሁለት ፍሬም አድርግ። ሰያፍና የተሰነጣጠቀ ፍሬም ይቆይልህ።

ቦታውን ስትስል ዝም ብለህ "ከተማ" አትሳል። ከዚራ የሚባለው ሰፈር በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላውን ያለበሰው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ስትገባ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ቤቱ ይጠጋጋል። አሳዳጅና ተሳዳጅ ካለህ ከዚራ ላይ ከሩቅ ይታያሉ፣ መጋላ ላይ ይጠፋፋሉ። ቦታው ራሱ ታሪኩን ይሠራልሃል። ደቻቱን ደግሞ እንደ ማንኛውም ወንዝ አትሳለው። ዓመቱን አብዛኛው አሸዋ ነው። ውሃ ሞልቶት ከሳልከው የድሬ አንባቢ የ1998ቱን ጎርፍ ነው የሚያስበው፤ ይህን ካልፈለግክ አትንካው። ሐረር ከወጣህ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ሳል፤ የሰፌድና የጨርቅ መደብ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ፣ አሮጌው ፔጆ 404፣ ሁሉም እዚያው አካባቢ አለ። የቀትር ፀሐይ ጥላውን ድብን ያለ ጥቁር ስለሚያደርገው ለጥቁርና ነጭ ሥራ ከዚህ አገር የተሻለ ብርሃን አላውቅም።

ቀፊራ ገበያ ላይ ሰው ከመሳልህ በፊት ጠይቅ። ስልክ ከደቀንክ ይቆጡሃል። ደብተር ይዘህ ቲማቲም ገዝተህ "እናቴ፣ ልሳልሽ?" ካልክ ግን አብዛኞቹ ስቀው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ።

ወደ ገንዘቡ። ኮሚኩ ብቻውን አያበላህም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ከሰዓት በኋላህን ለታፔላ፣ ለሠርግ ካርድ፣ ለባጃጅ ስቲከርና ለጤና ትምህርት ፖስተር አድርገው። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበል እርሳስ አታንሳ። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራዬን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ክፍያውን "ፊርማ ቀረው" እያለ ወራት አመላልሶኛል። ስንት ጊዜ እንደምታስተካክል አስቀድመህ ተናገር፤ ሁለት ጊዜ ነፃ፣ ከዚያ በላይ ሒሳብ። "ስምህ ይታወቅበታል" ለሚልህ "ስሜን እናቴ ታውቀዋለች" በለው። ዘመድ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን እኔም አልቻልኩም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህ በሕይወትህ ዘመንና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ አለው። ለሰው በውል ስትሠራ ግን መብቱ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ለማተም ኤ4 ወረቀት ለሁለት እጠፍ፣ ኤ5 መጽሔት ሆነልህ። የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፦ 8፣ 12፣ 16። ለ16 ገጽ አራት ባዶ ወረቀት አጥፈህ ደራርብ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፍ፣ ከዚያ ፍታው። የውጭኛው ወረቀት አንድ ጎኑ ላይ 16 እና 1፣ ጀርባው ላይ 2 እና 15 ታገኛለህ። በ16 ገጽ መጽሔት በአንድ ጎን ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ናቸው። 17 ካልመጣ ማተሚያ ቤት አትሂድ። ጥቁርና ነጩን በ600፣ ባለቀለሙን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ስካን አድርግ። ፎቶ ኮፒ ማሽን እስከ ጠርዝ ስለማያትም በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ተው።

ቴሌግራም ላይ ገጹን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ የቡ ጭረት እዚያም ትጠፋለች። ቀን ምረጥና በሳምንት አንድ ገጽ ልቀቅ። የቴሌብር ቁጥርህን መጨረሻው ገጽ ላይ አድርግ። የታተመውን ለጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች በኮሚሽን ስጥ፤ ለእያንዳንዱ ሱቅ አምስት ኮፒ፣ ብዛቱን በደብተር አስፈርመህ። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሂድና ቁጠር። ከሰዓት በኋላ ከሄድክ ባለሱቁ ተኝቷል።