አንዱ ሰው ሦስት ሆኖብኝ ነበር

በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማን ማንን በስም እንደሚጠቅስ ከመልእክቶቹ አውጥቼ ኔትወርክ (ሰዎቹ ነጥብ፣ መጠቃቀሳቸው መስመር የሚሆንበት መረብ) እየሠራሁ ነበር። ሁለቱን ትልልቅ ስብስቦች የሚያገናኝ ሰው እንዳለ ሳነብ ይታየኛል፤ የድልድይነት ልኬቱ (አንድ ሰው ሌሎችን በሚያገናኙ አጭር መንገዶች ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ የሚያሳየው ቁጥር) ግን ማንንም ከፍ አላደረገም። ሁለት ቀን ሙሉ ስሌቱን ስመረምር ከረምኩ። ስሌቱ ልክ ነው። ጥፋቱ ሞክሼ ፊደላት ላይ ነበር፦ ለምሳሌ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» እየተባለ የተጻፈ አንድ ሰው ሦስት ነጥብ ሆኖ ተከፋፍሏል።

የተለመደው የዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር የሚሰጥበት ሥርዓት) ማስተካከያ እዚህ አይረዳም፤ ለእሱ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የራሴን ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም ቤት። ራብዖቹን ሃ እና ኣን ወደ ሀ እና አ መመለስ እንዳይረሳ፤ መጀመሪያ ዘልዬው «ኃይሉ» ወደ «ሃይሉ» ተለውጦ ከ«ሀይሉ» እንደተለየ ቀረ።

የተስተካከለው ስም ለማመሳከሪያ ብቻ ነው። የሰው ስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነውና የመጀመሪያውን እንዳለ አቆየሁት። ስማቸው አንድ የሆነ የተለያዩ ሰዎች እንዳይዋሃዱ የአባት ስም ጨመርኩ፣ አባት ያልተጠቀሰበትን አንድ በአንድ አነበብኩ። ኔትወርኩን እንደገና ስገነባ ያ አገናኝ ሰው ከሁሉም በላይ ወጣ።