ውሻ ይዛችሁ ተራራ ስትወጡ ማሰሪያው ወገብ ላይ ይሁን

በስኮትላንድ ተራሮች፣ በተለይ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ ውሻን ዝም ብሎ መልቀቅ አይገባም። ግልገሎች አሉ፤ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችም አሉ። ግን ማሰሪያ በእጅ ይዞ ድንጋያማ ዳገት መውጣት ከባድ ነው። ውሻው ድንገት ሲጎትት ክንዳችሁን ይዞ ይሄዳል፣ ሚዛን ያስታችኋል።

መላው ቀላል ነው፦ የሚለጠጥ ማሰሪያ ከሰፊ የወገብ ቀበቶ ጋር አያይዙ። ጉተታው ወገብ ላይ ሲያርፍ ሰውነት በቀላሉ አይናጋም። ሁለቱም እጆቻችሁ ለምርኩዝ ነፃ ይሆናሉ።

ቁልቁለት ላይ ግን ከቀበቶው ፍቱትና በእጅ አጠር አድርጋችሁ ያዙት፤ ወደፊት ከሳበ ይጥላችኋል። ላሞች ባሉበት መስክም በፍጹም ወገብ ላይ አይታሰር። ጥጃ የያዘች ላም ከመጣችባችሁ ውሻውን ወዲያው ልቀቁት። እሱ ሮጦ ያመልጣል፤ እናንተም በሌላ በኩል ከመስኩ ውጡ።