ማስ ኢፌክት 2፦ ከኦሜጋ 4 ሪሌይ ማዶ ሁሉንም በሕይወት ይዞ መመለስ

የካናዳው ባዮዌር እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ያወጣው ማስ ኢፌክት 2 የሚጀምረው በሽንፈት ነው። ኖርማንዲ የተባለችው መንኮራኩር ኮሌክተሮች በሚባሉ ባዕድ ፍጡራን ጥቃት ትወድማለች፣ ተጫዋቹ የሚመራው ኮማንደር ሼፐርድም ይሞታል፤ ሰርበረስ የተባለው ድርጅት ሁለት ዓመት ደክሞ ነፍስ ከዘራበት በኋላ ነው ዋናው ታሪክ የሚከፈተው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨዋታ በሙሉ፣ ኦሜጋ 4 ሪሌይ በተባለው የጠፈር መተላለፊያ በኩል ወደ ኮሌክተሮቹ ጣቢያ ለሚደረግ፣ ማንም ተመልሶበት ለማያውቀው ለአንድ ጉዞ የሚደረግ ዝግጅት ነው። በዚያ ጉዞ የቡድኑ አባላት አንድ በአንድ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ሁሉም በሕይወት ሊመለሱም ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ግን የተጫዋቹ የተኩስ ችሎታ ሳይሆን ማንን የት እንዳሰማራ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው መመሪያ የታሪኩን ፍጻሜ ስለሚገልጥ፣ ጌሙን ገና ያልጀመረ ሰው ለጊዜው ቢያልፈው ይሻላል።

የመጀመሪያው ሥራ መንኮራኩሯን ማጠናከር ነው። በርካታ ማሻሻያዎች ቢኖሩም ለሕይወት ወሳኝ የሆኑት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከቡድኑ አባላት ከጄከብ ጋር በመነጋገር የሚገኘው የውጭ ጥሩር፣ ከታሊ የሚገኘው የኃይል ጋሻና ከጋረስ የሚገኘው ታኒክስ መድፍ ናቸው። ጥሩሩና ጋሻው እያንዳንዳቸው 15,000 ፓላዲየም፣ መድፉ ደግሞ 15,000 ፕላቲነም ይጠይቃሉ። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ቁጥር፣ ኮሌክተሮች ጋ ከመደረሱ በፊት አንድ አባል ይሞታል፤ ጥሩሩ ከሌለ ለምሳሌ የምትሞተው ጃክ ናት። ሪሌዩን ካለፉ በኋላ ማሻሻያ መግዛት ስለማይቻል፣ ያን ጊዜ መጸጸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ማዕድኑ የሚገኘው ፕላኔቶችን እየቃኙ መመርመሪያ በመጣል ሲሆን፣ ሥራው አሰልቺ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፕላኔት አያሟጡ፤ ጌሙ ራሱ የማዕድን ሀብታቸው ከፍተኛ መሆኑን የሚገልጽላቸውን ብቻ ይምረጡ፣ ከእነርሱም ትልልቁን ክምችት ወስደው ይለፉ።

ሁለተኛው ሥራ የአባላቱን ታማኝነት ማግኘት ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱ የሆነ ያልተቋጨ ጉዳይ ስላለው፣ ያንን ጉዳይ አብረውት ሲፈጽሙ ታማኝ ይሆንልዎታል። በአብዛኞቹ ዘንድ ተልዕኮውን መፈጸም ብቻ ይበቃል፤ ጥንቃቄ የሚሹት ጥቂቶች ናቸው። በታሊ የፍርድ ሂደት ላይ በአባቷ ላይ የተገኘውን ማስረጃ ለዳኞቹ ካቀረቡ ታማኝነቷን ያጣሉ፤ ማስረጃውን ሳያወጡ ቀርተው ከሕዝቧ ብትባረር እንኳ ከእርስዎ ጋር ትቆማለች። የዛኢድ ተልዕኮ ደግሞ በእሳት የተከበቡ ሠራተኞችን በማዳንና ጠላቱን በማሳደድ መካከል ያስመርጣል፤ ሠራተኞቹን አድነው ዛኢድንም ለመያዝ በቂ የማሳመን ኃይል ያስፈልግዎታል።

የማሳመን ኃይል ከባድ ፈተና የሚገጥመው ግን መንኮራኩሯ ውስጥ ነው። የሚራንዳና የጃክ ጉዳዮች ካለቁ በኋላ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ታሊና ሮቦቱ ሊጅንም እንዲሁ። በፓራጎን (በደግነት) ወይም በሬኔጌድ (በጨካኝነት) ነጥብ የሚከፈተው ባለቀለም መልስ ካልበራልዎት አንዱን ደግፈው ሌላውን ማስቀየምዎ አይቀርም። ብዙ ተጫዋቾች የማያስተውሉት ነገር፣ ጌሙ የሚያሰላው ያጠራቀሙትን ነጥብ ብዛት ብቻ ሳይሆን እስከዚያ ድረስ ሊያገኙት ከሚችሉት ውስጥ ምን ያህሉን እንዳገኙ ጭምር መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ ደግ፣ አንድ ጊዜ ጨካኝ እየሆነ የሚጫወት ሰው በዚህ ምክንያት ይጎዳል። ከመጀመሪያው አንዱን ጠባይ ይምረጡና በእርሱ ይጽኑ፤ መሐከለኛ ሰው መሆን በሌላ ጌም ያምራል፣ እዚህ ግን ያስከፍላል።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው፤ ጌሙም ይህን በግልጽ አይነግርዎትም። ሪፐር ከተባለው ግዙፍ የሞተ ማሽን ውስጥ፣ ሪሌዩን በደኅና የሚያሳልፈውን አይኤፍኤፍ የተባለውን መሣሪያ ካመጡ ከጥቂት ተልዕኮዎች በኋላ ኮሌክተሮች ኖርማንዲን ወርረው ሠራተኞቿን ይወስዳሉ። ወዲያውኑ ተከትለው ከሄዱ ሁሉም ይተርፋሉ። ከአንድ እስከ ሦስት ተልዕኮ ሠርተው ከሄዱ ግማሾቹ ይሞታሉ፤ በመንኮራኩሯ ውስጥ ፈገግ ብላ የምትቀበልዎት ኬሊ ቻምበርስም ከሟቾቹ አንዷ ናት። ከዚያ በላይ ከዘገዩ የምትተርፈው ዶክተር ቻክዋስ ብቻ ናት። ስለዚህ የሌሎቹን ሁሉ የታማኝነት ተልዕኮ ጨርሰው ብቻ አይኤፍኤፉን ለማምጣት ይሂዱ። እዚያው ያገኙትን ሊጅንን ሳይዘገዩ ያስነሡት፣ ያነጋግሩት፣ የእርሱንም ተልዕኮ ይፈጽሙ፤ ወረራው ሲደርስ በቀጥታ ወደ ሪሌዩ ያምሩ። ከመነሣትዎ በፊት በተለየ ስም አንድ ሴቭ ማስቀመጥ አይርሱ።

አሁን ወደ ምደባው እንግባ። በኮሌክተሮቹ ጣቢያ የመጀመሪያ ምዕራፍ አንድ ባለሙያ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በር እንዲከፍት ይላካል። ለዚህ የሚሆኑት ታሊ፣ ሊጅን ወይም ካሱሚ ናቸው። የሁለተኛውን ቡድን ጋረስ፣ ጄከብ ወይም ሚራንዳ ይምሩ። እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ፣ መሪው የተሳሳተ ሲሆን የሚሞተው መሪው ሳይሆን ቱቦ ውስጥ የገባው ባለሙያ መሆኑ ነው፤ በሩ ሊዘጋ ሲል የተተኮሰው ይመታዋል። እርስዎም በመንገድዎ ላይ ያሉትን መዝጊያዎች ሰዓቱ ሳያልቅ መክፈት ይኖርብዎታል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ከኮሌክተሮቹ በራሪ ተባዮች መንጋ የሚከላከል የባዮቲክ (በአእምሮ ኃይል የሚሠራ) ጋሻ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሚራንዳ እኔ እችላለሁ ትላለች፤ አይስሟት። የሚችሉት ጃክና ሳማራ ብቻ ናቸው፣ በሳማራ ምትክ ሞሪንትን የመረጠ ሰው ደግሞ እርሷን መላክ ይችላል። ሌላ ሰው ከመረጡ ጋሻው ይሳሳና ከጎንዎ ካሉት አንዱን መንጋው አንሥቶ ይወስደዋል። የሌላውን ቡድን መሪነት አሁንም ከእነዚያው ሦስቱ ለአንዱ ይስጡ። የተረፉትን ሠራተኞች ወደ መንኮራኩሯ የሚሸኝ ታማኝ ሰውም ይመድቡ፤ ያለ ሸኚ ከተላኩ ያልቃሉ። ለዚህ ሥራ ሞርዲንን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከታች ይታያል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ነው ብዙውን ሰው የሚያስለቅሰው። ሁለት ሰዎች ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ የቀሩት በሩን ይጠብቃሉ። እኔ በመጀመሪያ ጨዋታዬ፣ ከባዱ ጠላት ያለው ከፊቴ ነው ብዬ ጋረስንና ግራንትን ይዤ ገባሁ። ጠላቱ በቀላሉ ወደቀ፤ ስመለስ ግን ታሊ ሞታ ጠበቀችኝ። ሁሉም ታማኝ ነበሩ፣ መንኮራኩሯም የተሟላች ነበረች። ስሕተቴን ያገኘሁት በኋላ ስሌቱን ሳውቅ ነው።

ጌሙ በሩ ላይ ለቀረ ለእያንዳንዱ ሰው የመከላከል ዋጋ ይሰጣል። ጋረስ፣ ግራንትና ዛኢድ ታማኝ ከሆኑ 4፤ ሚራንዳ፣ ጄከብ፣ ሳማራ፣ ቴንና ሊጅን 2፤ ታሊ፣ ጃክ፣ ካሱሚና ሞርዲን 1 ናቸው። ታማኝ ያልሆነ ሰው ከዚህ ላይ 1 ይቀነስበታል። ጠባቂዎቹ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አማካዩ 2 ከደረሰ ማንም አይሞትም፤ ከ2 በታች ሆኖ 1.5 ከደረሰ አንድ ሰው ይሞታል፤ ከዚያም ሲወርድ ሟቾቹ ይበዛሉ። መጀመሪያ የሚወድቁትም ደካሞቹ ናቸው፤ ከታማኞቹ መካከል ሞርዲን ግንባር ቀደም ነው፣ ታሊ ትከተለዋለች።

በእኔ ጨዋታ ሞርዲን ሠራተኞቹን ሸኝቶ ስለነበር በሩ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ቀሩ። የዛኢድ 4፣ የአምስቱ መካከለኞች 10፣ የታሊ፣ የጃክና የካሱሚ 3 ሲደመሩ 17 ይሆናሉ፤ ለዘጠኝ ሲካፈል 1.89 ገደማ ነው። አንድ ሰው ጎደለ፣ ተራውም የታሊ ነበር። ከጋረስና ከግራንት ይልቅ ታሊንና ጃክን ይዤ ብገባ ኖሮ ሦስቱ ባለ 4 ሰዎች 12፣ መካከለኞቹ 10፣ ካሱሚ 1፣ ድምሩ 23 ይሆን ነበር፤ አማካዩ ከ2.5 በላይ ስለሆነ ሁሉም ይተርፋሉ። እንግዲህ ጠንካሮቹን ከኋላዎ ይተዉ፣ ደካሞቹን ይዘው ይግቡ። ብቸኛው ጥንቃቄ ይዘዋቸው የሚገቡት ሁለቱ ታማኞች መሆናቸው ነው፤ ታማኝ ያልሆነ ሰው ጣቢያው ሲፈርስ ፍርስራሹ ሥር ይቀራል፣ ከዚህ ደንብ የምታመልጠው ሚራንዳ ብቻ ናት።

ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ካልተረፉ ሼፐርድም ይሞታል፤ እንዲህ ያለ ሴቭ ወደ ማስ ኢፌክት 3 አይገባም። ወረራው ሲደርስ ጥለዋቸው የሄዱት ጥቃቅን ተልዕኮዎች ደግሞ አያሳስቡዎት፤ ከድሉ በኋላ ጌሙ ወደ ኖርማንዲ ስለሚመልስዎት የቀሩትን ያኔ በእርጋታ መጨረስ ይችላሉ።